የ500 ዶላር ሽጉጥ ወይስ የ3,000? በዋጋው ልዩነት የሚገዛው ምንድን ነው?

በአሜሪካ በአንድ የጦር መሣሪያ መደብር ውስጥ፣ በአንድ መስታወት ሥር ጎን ለጎን ከተደረደሩ ሁለት ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ለአንዱ 200፣ ለሌላው 4,000 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ሁለቱም የሚጎርሱት ጥይት አንድ ነው፤ ጥይቱም ከአፈሙዛቸው የሚወጣው በተቀራራቢ ፍጥነት ነው። ገዢው ግን በሃያ እጥፍ ልዩነት ፊት ቆሞ፣ ርካሹን ብወስድ በክፉ ቀን ይከሽፍብኝ ይሆን፣ ውዱን ብወስድ ደግሞ ለስም መክፈሌ ይሆን እያለ ይዋልላል።

ይህ ንጽጽር የተዘጋጀው በአሜሪካ ለሚኖሩና ሽጉጥ ለመግዛት ሕግ ለሚፈቅድላቸው አንባቢዎች ነው። በአገር ቤት ጉዳዩ የሚታየው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ስለሆነ፣ እዚህ የተጻፈው እዚያ አይሠራም። ስጽፍ በዓይነ ሕሊናዬ የማስባቸው ደግሞ ሽጉጥ ሰብሳቢዎችን ወይም ተወዳዳሪ ተኳሾችን ሳይሆን፣ በሌሊት በነዳጅ ማደያ ወይም በመጠጥ መደብር ብቻቸውን የሚሠሩ፣ አልያም ለቤታቸው ጥበቃ የመጀመሪያ ሽጉጣቸውን ለመግዛት ያሰቡ ወገኖችን ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የሽጉጥ ዋጋ እስከ 500 ወይም 600 ዶላር ድረስ ከፍ ሲል አብሮት ከፍ የሚለው አስተማማኝነቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ገንዘብ የሚገዛው የእጅ ሥራ ጥራትን፣ የቃታ ልስላሴንና በወረቀት ላይ የሚለካ የኢላማ ትክክለኛነትን ነው። የመጀመሪያው ለማንኛውም ገዢ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው የሚጠቅመው ግን ልዩነቱን ሊያወጣ የሚችል የሠለጠነ እጅ ላለው ሰው ብቻ ነው።

ከ200 እስከ 350 ዶላር

የመጨረሻውን ዝቅተኛ እርከን የሚወክለው በኦሃዮ ግዛት በማንስፊልድ ከተማ የሚሠራው ሃይ ፖይንት ሲሆን፣ ሲ9 የተባለው ሞዴሉ 200 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ዋጋው ለምን ይህን ያህል እንደቀነሰ ለመረዳት አሠራሩን ማየት ይበቃል። በአብዛኞቹ ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጦች ውስጥ ጥይቱ ሲፈነዳ አፈሙዙና ስላይድ የሚባለው ከላይ ሆኖ ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ክፍል ለቅጽበት እንደተቆላለፉ አብረው ይሄዳሉ፤ ግፊቱ ሲበርድ አፈሙዙ በኋላው በኩል ዝቅ ይልና ስላይዱን ይለቀዋል። ይህን ዘዴ ለዓለም ያስለመደው አሜሪካዊው ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። ሃይ ፖይንት ግን ይህ መቆላለፊያ የለውም፤ አፈሙዙ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ሲሆን የፍንዳታውን ግፊት የሚገታው የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ስላይዱ ከዚንክ ቅይጥ ቀልጦ በቅርጽ የሚወጣ፣ ወፍራምና ከባድ ነው። ሽጉጡ ከ800 ግራም በላይ እየመዘነ በካዝናው የሚይዘው 8 ጥይት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ ግሎክ 19 ባዶ ካዝናውን ጨምሮ 670 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የሚይዘውም 15 ጥይት ነው።

ርካሽ ነው ማለት አይተኩስም ማለት አይደለም። አምራቹ የሽጉጡ ባለቤት ቢለዋወጥም የማይቋረጥ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል፤ ከ200 ዶላር በላይ ማውጣት ለማይችል ሰውም ከባዶ እጅ ይሻላል። ነገር ግን ከባድ ነው፣ ሰውነት ላይ ደብቆ ለመያዝ አይመችም፣ በውስጡም የሚይዘው ጥይት ጥቂት ነው። በአጠቃላይ በዚህ እርከን ላይ ባሉ ሽጉጦች መጀመሪያ የሚያስቸግረው ክፍል አፈሙዙ ሳይሆን ካዝናው ነው፤ ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ከደከመ ወይም የካዝናው ከንፈር ጥቂት ከተጣመመ ሽጉጡ መንከስ፣ ማለትም ጥይት እየቀረቀረ መቆም፣ ይጀምራል።

ከዚህ ከፍ ብሎ የሚገኘው የብራዚሉ ታውረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያው በአሜሪካ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የቀድሞ ሽጉጦቹ ቃታ ሳይነካ፣ ሲወድቁ ሊተኩሱ ይችላሉ በሚል የቀረበበትን የጋራ ክስ ጥፋቱን ሳያምን በስምምነት ጨርሷል። ዛሬ ከ300 ዶላር በታች የሚሸጠው ጂ3ሲ ከእነዚያ የተለየ ሞዴል ነው፤ ስለዚህ የድሮውን ታሪክ በአዲሱ ላይ መለጠፍ አይገባም። ሆኖም አንድ ሰው ያገለገለ ታውረስ በ150 ዶላር ቢያቀርብልዎ፣ ከዋጋው በፊት የሞዴሉን ስም ይጠይቁ።

ከ350 እስከ 650 ዶላር

የዚህ መመሪያ ዋና ጉዳይ ያለው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የፖሊስና የጦር ሠራዊት ሽጉጦች የሚገኙት በዚሁ የዋጋ ክልል ውስጥ ነው።

አንባቢ በቀላሉ የማያምነውን ልጀምር። በአገር ቤት ዜና «ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ» ሲባል ወሬው ከኮንትሮባንድ ጋር ስለሚያያዝ፣ ብዙ ወገኖቻችን የቱርክን ሽጉጥ በሙሉ በንቀት ዓይን ያዩታል። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ባለችው በሳምሱን ከተማ የሚሠራው ካኒክ ግን በዚህ ንቀት ውስጥ ሊገባ አይገባውም። 400 ዶላር ገደማ የሚሸጡት ሞዴሎቹ ከፋብሪካ ይዘውት የሚወጡት ቃታ፣ በእኔ ግምት 200 ዶላር ከሚበልጧቸው አንዳንድ ሽጉጦች ቃታ ይሻላል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ሺልድና ተከታዮቹም በዚሁ አካባቢ ይገኛሉ፤ ቀጭኖች ስለሆኑ ለአነስተኛ እጅ ይመቻሉ።

የዚህ እርከን መለኪያ ግሎክ ነው። ከዚያ በፊት ሽጉጥ ሠርቶ የማያውቀው ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለአገሩ ጦር ያቀረበው ግሎክ 17 እጀታውና አካሉ ከፖሊመር፣ ማለትም ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ነበር። ብረትን በማሽን ፈልፍሎ አካል ማውጣት ሰዓታት ይፈጃል፤ ፖሊመርን በቅርጽ ማውጣት ግን በጣም አጭር ጊዜ ነው። ቁርጥራጭ ክፍሎቹም ጥቂት ናቸው፤ የአንዱ መለዋወጫ በሌላው ላይ ያለ ሞረድና ያለ ባለሙያ ይገጥማል። እንግዲህ ግሎክ 19 ከ500 እስከ 650 ዶላር የሚሸጠው ጥራቱ ተቀንሶለት ሳይሆን፣ ዲዛይኑ ራሱ የሰው እጅን ከሥራው ስላስወጣ ነው። ኤፍ ቢ አይም እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 9 ሚሊ ሜትር ሲመለስ የመረጠው የግሎክን ሽጉጦች ነው።

ዋጋ በራሱ ብቻውን የጥራት ሚዛን እንደማይሆን የሚያሳይ ሌላ ምሳሌ አለ። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በጥር 2017 የሲግ ሳወርን ፒ320 በመደበኛ ሽጉጥነት ሲመርጥ፣ ተሸናፊው ግሎክ ያቀረበውን ቅሬታ የመረመረው የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ይፋ እንዳደረገው፣ የሲግ ሳወር ጠቅላላ ዋጋ 169.5 ሚሊዮን፣ የግሎክ ደግሞ 272.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ውሳኔውን ካጋደሉት ነገሮች አንዱ ዋጋ ነበር ማለት ነው። ከዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጀምሮ ደግሞ ያው አምራች፣ ለሲቪል ገበያ የተሸጡት ፒ320ዎች በተወሰነ አቅጣጫ ሲወድቁ ሊተኩሱ እንደሚችሉ ከታየ በኋላ፣ ለባለቤቶቹ የፈቃደኝነት ማሻሻያ አቀረበ። ስለዚህ «ጦሩ የያዘው ነው» የሚለው የሻጭ ቃልም ምርመራን አያስቀርም።

በዚህ እርከን ገንዘብ ለመቆጠብ የተሻለው መንገድ ወደ ርካሽ ስም መውረድ ሳይሆን፣ ፖሊስ መምሪያዎች አዲስ ሲገዙ ለነጋዴ የሚመልሷቸውን ያገለገሉ ሽጉጦች መፈለግ ነው። እነዚህ ሽጉጦች ዓመታትን በማኅደር፣ ማለትም ወገብ ላይ በሚታሰረው የሽጉጥ ማስቀመጫ ውስጥ ስላሳለፉ ውጫቸው ተፍቆ፣ ቀለማቸውም ገርጥቶ ይታያል፤ የተኮሱት ግን ብዙውን ጊዜ በዓመት ጥቂት ጊዜ በፈተና ቀን ብቻ ነው። ከ300 እስከ 400 ዶላር ተከፍሎ ሞላቸው ቢለወጥላቸው እንደ አዲስ ያገለግላሉ። መልክ ለሚያስጨንቀው ሰው ግን አልመክርም።

ከ2,000 ዶላር በላይ

በአርካንሶ ግዛት ቤሪቪል የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ቢል ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1977 በቤተሰቡ የጌጣጌጥ መደብር ውስጥ የጀመረው ዊልሰን ኮምባት የሚገኘው እዚያ ነው፤ በ2004 የተቋቋመው ናይትሆክ ከስተምም እንዲሁ። ናይትሆክ አንድን ሽጉጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለአንድ ባለሙያ ይሰጣል፤ ባለሙያውም ስላይዱን ከአካሉ ጋር፣ አፈሙዙን ከስላይዱ ጋር በሞረድና በእጅ ልክ እያስገባ ያገጣጥመዋል። የሁለቱም ዋና ሥራ ብራውኒንግ የነደፈውና የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1911 የተቀበለው፣ ስሙንም ከዓመቱ ያገኘው የብረት ሽጉጥ ነው። ዋጋቸው ከ3,000 ተነሥቶ 5,000 ዶላርን ያልፋል። በቴክሳስ የሚሠራው ስታካቶ ደግሞ ያንኑ አሠራር ብዙ ጥይት ከሚይዝ ካዝና ጋር አዋህዶ 2,500 ዶላር ገደማ ይሸጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የአሜሪካ ማርሻል አገልግሎት ልዩ ኦፕሬሽን ቡድን ይህንኑ ሽጉጥ መርጦታል።

እነዚህን ሽጉጦች አንድ ጊዜ የያዘ ሰው ልዩነቱን አይክድም። ስላይዱ ቅቤ ላይ እንዳለ ይንሸራተታል፣ የብረቱ ክብደት ርግጫውን ይውጠዋል፣ ቃታው እንደሚሰበር ቀጭን ብርጭቆ ጥርት ብሎ ይለቅቃል። ጥያቄው ይህ ሁሉ ለገዢው ምን ይሠራለታል የሚለው ነው።

ኢላማ ላይ ያለውን ልዩነት በቁጥር እንየው። ደህና የፋብሪካ ሽጉጥ በመደገፊያ ላይ ሆኖ ሲተኮስ በ25 ያርድ፣ ማለትም 23 ሜትር ገደማ ላይ፣ ጥይቶቹን በ7.5 ሴንቲ ሜትር ክልል ውስጥ ያሳርፋል እንበል፤ በእጅ የተሠራው ውድ ሽጉጥ ደግሞ በ2.5 ሴንቲ ሜትር ውስጥ። በወረቀት ላይ ሦስት እጥፍ ነው። አሁን ርቀቱን ለቤት ውስጥ አደጋ ወደሚቀርበው 7 ያርድ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ጥቂት ወደሚበልጠው እናምጣው፤ የመጀመሪያው ወደ 2.1፣ ሁለተኛው ወደ 0.7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። በሁለቱ መካከል የቀረው 1.4 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያው ርቀት ላይ ልምድ የሌለው ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ቃታውንም ሲነጥቀው ጥይቶቹ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ይበታተናሉ። 2,000 ዶላር ተጨምሮ የተገዛው ትክክለኛነት በሰውዬው እጅ ስሕተት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

በቨርጂኒያ የማውቀው አንድ ወዳጄ ይህን በገንዘቡ ተምሮታል። ከ3,000 ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛውን ሽጉጥ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ፓኮ ጥይት፣ ማለትም 100 ጥይት እንኳ አልተኮሰበትም ነበር፤ «እንዳይፋቅብኝ» ይል ነበር። አንድ ቀን አብረን ወደ ተኩስ ሜዳ ሄደን በእሱና በኪራይ ግሎክ እያፈራረቀ ሲተኩስ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ለይቶ የየትኛው ሽጉጥ እንደሆኑ መናገር አልቻለም።

ስለ ቃታው ደግሞ ብዙ ሻጮች የማይናገሩት ነገር አለ። የግሎክ ቃታ 2.5 ኪሎ ግራም ገደማ መሳብ ይፈልጋል፤ የተስተካከለ የ1911 ቃታ ደግሞ ከ2 ኪሎ በታች ሆኖ ጉዞውም አጭር ነው። ይህ ለተወዳዳሪ ተኳሽ በረከት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽጉጥ ለያዘ፣ በድንጋጤም ጣቱን ቃታው ላይ ለሚያሳርፍ ሰው ግን ስሕተትን የሚያፈጥን ነገር ነው። ከዚህም ሌላ የ1911 ዓይነት ሽጉጥ የሚያዘው መዶሻው ተነሥቶ፣ የእጅ መቆለፊያው ተዘግቶ ስለሆነ፣ በጭንቅ ሰዓት ያንን መቆለፊያ በአውራ ጣት ማውረድን ያለ ሐሳብ እስኪያደርጉት ድረስ መልመድ ይጠይቃል። ክፍሎቹ ጥብቅ ሆነው ስለተገጣጠሙም ዘይት ይወዳል፤ ከእነዚህ አምራቾች ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን 500 ያህል ጥይቶች ማለማመጃ አድርገው እንዲቆጥሩ ይመክራሉ።

ታዲያ ለማን ያዋጣል? በወር ብዙ መቶ ጥይት ለሚተኩስ፣ በተኩስ ውድድር ለሚሳተፍ፣ በሰዓት መቁጠሪያ የሚለካ ውጤቱም በመሣሪያው የተገደበበት ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው። እንዲህ ያለው ሰው እንኳ በቀጥታ ወደ 4,000 ዶላር መዝለል አያስፈልገውም፤ 1,300 ዶላር ገደማ የሚሸጠውና 1.3 ኪሎ የሚመዝነው የቼኩ ሲዜድ ሻዶው 2 በዓለም አቀፍ ውድድሮች ላይ በብዛት የሚታይ ሽጉጥ ነው። ለጥበብ ሥራ ውበት ብሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ የራሱ ምክንያት አለውና አልከራከረውም፤ ለጥበቃ ነው የገዛሁት ካላለኝ በቀር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሽጉጥ ራስን ለመከላከል ከተተኮሰ ፖሊስ በማስረጃነት ይወስደዋል፤ ጉዳዩ እስኪዘጋ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ በመጋዘን ሊቆይ ይችላል። የ500 ዶላሩ ቢቆይ አንድ ነገር ነው፤ የ4,000ው ግን ያናድዳል።

የተረፈው 2,000 ዶላር ሲዘረዘር

የ600 ዶላር ሽጉጥ የወሰደ ገዢ ከ2,600 ዶላሩ ጋር ሲነጻጸር 2,000 ዶላር ይተርፈዋል። 150 ዶላር ለሚቆለፍ የብረት ሣጥን፣ 80 ለደህና ማኅደር፣ 60 ለሁለት ትርፍ ካዝና፣ 200 ደግሞ ለአንድ ቀን ሥልጠና ይክፈል፤ 1,510 ይቀረዋል። የመለማመጃ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት አንዱ 30 ሳንቲም ቢሆን ይህ ገንዘብ ከ5,000 ጥይት በላይ ይገዛል፤ በወር 100 ቢተኩስ ከ4 ዓመት ይበልጣል። የተኩስ ሜዳ ኪራዩን አልቆጠርኩም፤ እሱን ብንጨምር እንኳ 2 ዓመት ተኩል ያህል ልምምድ አይቀርበትም። ዕድሜው ከ40 አልፎ የፊት ማነጣጠሪያው መደብዘዝ የጀመረበት ሰው ከዚሁ ላይ ከ200 እስከ 300 ዶላር ለቀይ ነጥብ ማነጣጠሪያ (በትንሽ መስታወት ላይ ቀይ ብርሃን እያሳየ ለማነጣጠር የሚያግዝ መሣሪያ) ቢያውል፣ በእጅ የተገጠመ አፈሙዝ ከሚሰጠው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሣጥኑን ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። በበዓል ቀን ዘመድ አዝማድ ልጆቹን ይዞ በሚሞላው ቤት ውስጥ ትራስ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ ሽጉጥ ደጃፍ ላይ ካለው ሌባ ይልቅ ለቤቱ አደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ነጋዴ ሽጉጥ ሲሸጥ መቆለፊያ አብሮ መስጠት አለበት፤ ነገር ግን ያ በገመድ መልክ የሚመጣው ቁልፍ ከሌባ አያድንም፣ በፍጥነትም አይከፈትም።

ከመግዛት በፊት

በፌዴራል ሕግ ከነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት፣ 4473 የተባለውን ቅጽ መሙላትና የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ማለፍ ያስፈልጋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል፤ በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይፈቀድለትም። መግዛት ለማይችል ወንድም ወይም ዘመድ የራስ ነው ብሎ ቅጽ ሞልቶ መግዛት ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው፤ «ለዘመድ ነው» የሚለው ማስተባበያ አይሆንም። የግዛት ሕጎች ከዚህ በላይ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ ሜሪላንድ ሥልጠናና የጣት አሻራ የሚጠይቅ የብቃት ፈቃድ አላት፣ ካሊፎርኒያም 10 ቀን ታስጠብቃለች። ሁለቱም ግዛቶች እንዲሸጡ የተፈቀዱ ሽጉጦች ዝርዝር ስላላቸው፣ የመረጡት ሞዴል እዚያ መኖሩን ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ።

ከዚያም ሽጉጥ ወደሚያከራይ ተኩስ ሜዳ ይሂዱ። ከ400 እስከ 600 ዶላር ካሉት ሦስቱን፣ ከቻሉም አንድ ውድ ሽጉጥ ጨምረው ይከራዩ፤ በእያንዳንዱም 50 ጥይት በ7 ያርድ ይተኩሱ። ሲይዙት የጣትዎ የመጀመሪያ አንጓ ቃታው ላይ ሳይዘረጋ ካልደረሰ፣ ወይም ስላይዱን ለመሳብ ከታገሉ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን ይተዉት። የገዙትን ይዘው ሲመለሱ 200 የመለማመጃ ጥይት፣ ከዚያም በቤት ውስጥ ሊጠቀሙ ከመረጡት፣ አፉ ጎድጓዳ ከሆነው የመከላከያ ጥይት 50 ያህል ይሞክሩበት፤ ይህ ሁለተኛው ጥይት አንዱ እስከ 1 ዶላር ሊደርስ ስለሚችል ቀድመው በጀት ይያዙለት። ከነከሰ ካዝናውን ለውጠው ይድገሙት፤ በሁለተኛውም ካዝና ከነከሰ ሳያመነቱ ወደ አምራቹ ይመልሱት።